ሕግ የሰውን ችግር እንዲሰማ ምን ይደረግ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምናስተናግዳቸው አራት ጥያቄዎች ከተለያዩ ሰዎች የተላኩ ቢሆኑም የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ሁሉም ሕጉና ኑሮው ለምን ተራራቁ፣ እንዴትስ ይቀራረባሉ ብለው ይጠይቃሉ። በቦታ ጥበት ምክንያት ደብዳቤዎቹን ያሳጠርናቸው ሲሆን የጠያቂዎቹን ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ «የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የሕግ ተማሪ ነኝ። መምህሮቻችን ሕግ የኅብረተሰብ ነጸብራቅ ነው ብለው ያስተምሩናል። ለተግባር ልምምድ ፍርድ ቤት ስመላለስ ያየሁት ግን በመጽሐፍ ያለው ሕግ ሌላ፣ ሰው የሚተዳደርበት ደንብ ሌላ መሆኑን ነው። የአንድን አገር የሕግ ሥርዓት ለኅብረተሰቡ ፍላጎት ምላሽ የሚሰጥ ለማድረግ ሥራው ከየት ይጀምራል? አዳዲስ ሕጎችን በማውጣት ነውን?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከመጨረሻው ልነሳና፣ በእኔ እምነት ሥራው አዲስ ሕግ በማውጣት አይጀምርም። አብዛኞቹ አገሮች የሕግ እጥረት የለባቸውም። የሚጎድላቸው የወጣው ሕግ ከወጣ በኋላ ምን እንደደረሰበት፣ ማንን እንደጠቀመና ማንን በር ላይ እንዳስቀረ ለሕግ አውጪው ተመልሶ የሚነግር መንገድ ነው። ያ መንገድ በሌለበት አገር አሥር አዋጅ ቢጨመር አሥሩም የቀደሙት ሕጎች ዕጣ ይደርሳቸዋል።

መምህሮችዎ የነገሩዎትን አባባል በሚመለከት፣ ሕግ የኅብረተሰብ ነጸብራቅ ቢሆን መልካም ነበር፤ ነገር ግን በራሱ ጊዜ እንዲህ አይሆንም። ረቂቅ ሕግ በሚዘጋጅበት ክፍል ውስጥ የሚቀመጡት ሰዎች ጥቂቶች ናቸው፤ የሚያውቁትም የኑሮ ገጽታ እንደማንኛውም ሰው የተወሰነ ነው። ስለዚህ ሕጉ በወጣበት ዕለት እንኳ የሚያሳየው አርቃቂዎቹ የሚያውቁትን ኅብረተሰብ ነው፤ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሲያልፍ ደግሞ እሱም ተለውጦ ይጠብቃል።

ይህን ያስተዋለው ኦይገን ኤርሊኽ የሮማ ሕግ ያስተምር የነበረው በኦስትሮ-ሀንጋሪ ግዛት ዳርቻ በምትገኘው በቼርኖቪትስ ከተማ ነበር። የተለያየ ቋንቋና ሃይማኖት ያላቸው ሕዝቦች በአንድ የኦስትሪያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥር ሆነው በየራሳቸው ደንብ ሲኖሩ ይመለከት ስለነበር፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ተማሪዎቹ ጥያቄ ይዘው ሰዉ እንዴት እንደሚዋዋልና እንዴት እንደሚወርስ እንዲያጠኑ አደረገ። ካስተዋላቸው ነገሮች አንዱን ብቻ ልጥቀስልዎ፦ የአንድ ገበሬ ልጅ ሌላ ቦታ ተቀጥሮ ሲሠራ አባቱ ወይም እናቱ በየወሩ ወደ አሠሪው እየሄዱ ደመወዙን ይቀበሉ ነበር። ይህ ከሕጉ ጋር መግጠም አለመግጠሙን አሠሪውም ልጁም ወላጆቹም ጠይቀው አያውቁም። ኤርሊኽ ሰው በእርግጥ የሚመራበትን ይህን ደንብ «ሕያው ሕግ» ብሎ ሰየመው። እርስዎም በልምምድ ላይ ሳሉ ያዩት ይህንኑ ነውና ማስታወሻ መያዝዎን አይተዉ።

ሕያው ሕጉን ሳያዩ ሕግ ማውጣት ምን እንደሚያስከትል ቱርክ ትመሰክራለች። እ.ኤ.አ. በ1926 የስዊዘርላንድን የፍትሐ ብሔር ሕግ ተቀብላ በመንግሥት ሹም ፊት ያልተፈጸመ ጋብቻ በሕግ ፊት ዋጋ እንዳይኖረው አደረገች። በገጠር ግን ብዙ ሰው በሃይማኖት ሥርዓት ብቻ መጋባቱን ቀጠለ፤ ከእነዚህ ጋብቻዎች የተወለዱት ልጆችም በሕግ ዓይን ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ሆነው ተገኙ። የአገሪቱ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ከ1933 ጀምሮ እነዚህን ልጆች ሕጋዊ የሚያደርጉ ልዩ ሕጎችን በተደጋጋሚ ለማውጣት ተገደደ። የሕጉ ዓላማ ሴቶችንና ሕፃናትን መጠበቅ እንደነበር አይካድም። ሆኖም የጥበቃው መግቢያ ሰዉ በማይሄድበት በር ላይ ስለተተከለ፣ ሊጠበቁ የታሰቡት ራሳቸው ውጭ ቀሩ።

በኢትዮጵያም ሬኔ ዳቪድ የተባሉት ፈረንሳዊ ምሁር ያረቀቁት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3347 አማካይነት፣ ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ ይሠራባቸው የነበሩትን የተጻፉም ሆነ የልማድ ደንቦች ሽሯል። ልማዱ ግን በአንድ አንቀጽ ተሽሮ የሚጠፋ አልሆነምና፣ ከ35 ዓመት በኋላ የወጣው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ እንደሚችል ደነገገ። ዳቪድ ታላቅ የሕግ ሊቅ ነበሩ፤ ችግሩ ከችሎታ ማነስ የመጣ አይደለም። ሕጉ በሥራ ላይ ሲውል ከመሬት የሚመጣውን መልስ የሚያዳምጥና ሕጉን በየጊዜው የሚያቃና ቋሚ አካል አብሮት አለመወለዱ ነው የጎዳው።

እንዲህ ዓይነት አካል ሊኖር እንደሚችል ማሳያው ብሪታኒያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣ ሕግ ለእንግሊዝና ዌልስ አንድ፣ ለስኮትላንድ ሌላ የሕግ ኮሚሽን ተቋቋመ። የኮሚሽኖቹ ሥራ ሕጉን በሙሉ በቋሚነት መመርመር፣ የሚጋጨውን ማስታረቅ፣ ያረጀውን እንዲሻር ማቅረብ ነው። ከዚህ ሌላ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ በብሪታኒያ አዋጅ ከጸደቀ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚመለከተው ሚኒስቴር አዋጁ ያሰበውን ውጤት ማምጣት አለማምጣቱን ገምግሞ ለምክር ቤቱ እንዲያቀርብ የሚያደርግ አሠራር ተዘርግቷል። አንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ከዚህ አልፈው ሄደዋል። ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በ1976፣ ቴክሳስ በ1977 ባወጧቸው ሕጎች መሠረት አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመቋቋሚያ ሕጉ በተወሰነለት ቀን የሚያበቃ ሲሆን፣ ቀኑ ከመድረሱ በፊት ተመርምሮ መቀጠሉ ተገቢ መሆኑ ካልታመነበት በስተቀር ይዘጋል። ሁሉም ሕግ እንዲህ ይሁን አልልም፤ የሰው መሠረታዊ መብት በየአሥር ዓመቱ እየታደሰ መኖር የለበትም። ፈቃድና ክልከላ በሚያበዙ ሕጎች ላይ ግን የማብቂያ ቀን መኖሩ ትልቅ ጥቅም አለው።

ነገር ግን ኮሚሽንም ሆነ ግምገማ የሚያየው ወደ እሱ የደረሰውን ብቻ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ወደ ፍርድ ቤት ጭራሽ የማይመጣውን ሰው ማየት ነው። «ወርልድ ጀስቲስ ፕሮጀክት» የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ 5.1 ቢሊዮን ሰዎች፣ ማለትም ከዓለም ሕዝብ ሁለት ሦስተኛው፣ ትርጉም ያለው ፍትሕ አያገኙም። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ በየትኛውም የፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ስማቸው የለም። ስለሆነም በተለያዩ አገሮች የሕግ ፍላጎት ጥናት የሚባል ዘዴ ተለምዷል። ጥናቱ ሲካሄድ ሰዉን «የሕግ ችግር ገጥሞህ ያውቃል?» ብለው አይጠይቁትም፤ ብዙ ሰው ደመወዙ ሲቀርበት ወይም ከቤት ኪራይ ሲባረር ነገሩን መጥፎ ዕድል እንጂ የሕግ ችግር ብሎ አይጠራውምና። የሚጠየቀው «ባለፉት ሁለት ዓመታት የሠራህበት ሳይከፈልህ ቀርቷል? ከጎረቤትህ ጋር በድንበር ተጣልተሃል? ከዚያስ ምን አደረግህ?» ተብሎ ነው። «ምንም አላደረግሁም» የሚለው መልስ የበዛበት ቦታ የሕግ ሥርዓቱ ያልደረሰበት ቦታ ነው።

ይህን ለመሰለ ጥናት ገንዘብ ባይኖር እንኳ በእያንዳንዱ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ የተቀመጠ፣ ማንም የማያነበው ማስረጃ አለ። በከሳሽ አለመቅረብ የተዘጉትን መዝገቦችና ለዓመታት ያልተቋጩትን የአፈጻጸም መዝገቦች ማለቴ ነው። የፍርድ ቤቶች ዓመታዊ ሪፖርት የመጀመሪያውን ዓይነት «እልባት ያገኘ» ብሎ ይቆጥረዋል። ያ ከሳሽ ግን ለምን ቀረ? የትራንስፖርት ገንዘብ አጥቶ ነው? ተስፈራርቶ ነው? ከአምስተኛው ቀጠሮ በኋላ ተስፋ ቆርጦ ነው? ፈርዶ ያላስፈጸመ ፍርድ ቤት ደግሞ ለረታው ሰው የሰጠው ላም አለኝ በሰማይ ነው። የሕግ ሥርዓታቸውን ማሻሻል የሚሹ ሰዎች ምክሬን ቢጠይቁኝ፣ አዲስ ረቂቅ ከማዘጋጀታቸው በፊት ከእነዚህ ሁለት ዓይነት መዝገቦች መቶ መቶ አውጥተው ባለጉዳዮቹን እየፈለጉ እንዲያነጋግሩ እነግራቸው ነበር።

ሕግ አውጪው ጆሮ ዳባ ልበስ ሲል ፍርድ ቤት ራሱ በሩን የከፈተባቸው ጊዜያትም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1979 በሕንድ ቢሃር ግዛት የሚገኙ እስረኞች ጥፋተኛ ቢባሉ ሊፈረድባቸው ከሚችለው ጊዜ በላይ ፍርድ ሳያገኙ መታሰራቸውን ጋዜጣ ዘገበ። ያንን ዘገባ መሠረት አድርጋ አንዲት ጠበቃ ያቀረበችውን አቤቱታ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተቀብሎ እስረኞች እንዲለቀቁ ያዘዘ ሲሆን፣ ፈጣን ዳኝነት ማግኘት የሕይወትና የነጻነት መብት አካል ነው ሲል ወሰነ። ያው ፍርድ ቤት በዚያ ዘመን አንድ እስረኛ ስለ ሌላ እስረኛ ሥቃይ የጻፈውን ተራ ደብዳቤ እንደ መደበኛ አቤቱታ ቆጥሮ መርምሯል። ይሁንና ዳኞች የሕግ አውጪውን ቦታ ለዘለቄታው ሊሸፍኑ አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ1997 ይኸው ፍርድ ቤት በሥራ ቦታ የሚፈጸም ጾታዊ ትንኮሳን የሚከላከል መመሪያ፣ ሕግ እስኪወጣ ድረስ ብሎ፣ ሰጠ፤ ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የሴቶች ጥበቃ የቆመው በአንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ ነበር።

ጥያቄ፦ «በአንድ መሥሪያ ቤት የሕግ ክፍል ባለሙያ ነኝ። ረቂቅ ሕጎች ላይ የሕዝብ አስተያየት መሰብሰቢያ መድረክ እናዘጋጃለን። አዳራሹ ይሞላል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ረቂቁ ግን እንደገባ ይወጣል። ተሳታፊዎችም ይህን ስለሚያውቁ ዝም ማለት ጀምረዋል። ሥራዬን እወዳለሁ፤ ግን የይስሙላ ሆኖብኛል። ምክክሩ እውነተኛ እንዲሆን ምን ይደረግ?»

መልስ፦ ይህን በግልጽ ስለጻፉልን እናመሰግናለን። የእርስዎ ቅሬታ የግል መታከት አይደለም፤ ምክክር በሕግ አውጪው መልካም ፈቃድ ላይ ብቻ ሲንጠለጠል የሚደርስ ነገር ነው። መፍትሔው ምክክርን ከቸርነት ወደ ግዴታ መለወጥ ሲሆን፣ ግዴታ የሚሆነው ደግሞ ሲጣስ መዘዝ ሲኖረው ነው።

ደቡብ አፍሪካ ይህን አድርጋለች። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ምክር ቤቶቹ ሕዝቡ በሕግ ማውጣት ሥራ እንዲሳተፍ የማመቻቸት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ፣ የክልሎች ምክር ቤት የባህል ሐኪሞችን ሕግ ጨምሮ በአንዳንድ ሕጎች ላይ ሕዝቡን በሚገባ ሳያሳትፍ አልፏል በማለት ሕጎቹን ውድቅ አደረገ። የሕጎቹን ይዘት አልነቀፈም፤ የነቀፈው የወጡበትን መንገድ ነው። ወዲያውኑ ቀሪ እንዳይሆኑም ውሳኔውን ለ18 ወራት አግዶ ምክር ቤቱ ሥራውን በትክክል እንደገና እንዲሠራ ዕድል ሰጠ። ከዚያ በኋላ በዚያ አገር ረቂቅ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ለአለቃው «ይህን መድረክ ከዘለልን ሕጉ ሊፈርስብን ይችላል» ማለት ይችላል። እርስዎ ዛሬ የጎደለዎት ይህችን ዓረፍተ ነገር በሙሉ ልብ መናገር የሚያስችል ድንጋጌ ነው።

ፊንላንድ ደግሞ ከሌላ ወገን መጥታለች። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2012 ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ የ50,000 ዜጎችን ድጋፍ ያገኘ የሕግ ሐሳብ ለምክር ቤቱ ይቀርባል። ምክር ቤቱ ሐሳቡን ሊጥለው ይችላል፤ አላየሁም ብሎ ግን መሳቢያ ውስጥ ሊከተው አይችልም።

ድንጋጌ እስኪመጣ ድረስ እርስዎ በእጅዎ ባለው ሥልጣን የሚያደርጉት ነገር መኖሩንም አይርሱ። ለረቂቁ በሚጻፈው ሐተታ ዘምክንያት ላይ የተሰጠውን እያንዳንዱን ዋና አስተያየትና ተቀባይነት ያገኘበትን ወይም ያላገኘበትን ምክንያት ይጻፉ፤ ጽሑፉም አስተያየት ለሰጡት ሰዎች ተመልሶ ይድረሳቸው። ሰው ሐሳቡ ስላልተወሰደ ብቻ አይቀየምም። የሚቀየመው ከልቡ ተናግሮ ሲያበቃ የት እንደገባ ሳያውቅ ሲቀር ነው። ሌላው ደግሞ የመድረኩ ቦታና ሰዓት ነው፤ በሥራ ቀን ጠዋት በከተማ አዳራሽ የሚጠራ ስብሰባ በቀን ሥራ የሚተዳደረውን፣ ሕፃን የያዘችውንና ከሩቅ የሚመጣውን አስቀድሞ አስቀርቷል። ሕጉ በይበልጥ የሚነካቸው እነዚሁ ሰዎች ሆነው ሳለ አዳራሽ በሞላ ቁጥር ሕዝቡ ተሳተፈ ማለት አይቻልም።

ጥያቄ፦ «በውርስ ጉዳይ ለአራት ዓመት ተመላልሻለሁ። ጠበቃ ለመያዝ አቅም አልነበረኝም። በችሎት የሚነገረውን ግማሹን አልሰማም ነበር፤ ድምፁን ሳይሆን ትርጉሙን ማለቴ ነው። ሕግ ለተራ ሰው እንዲገባ ተደርጎ መጻፍ አይችልም? ወይስ በባሕርዩ እንዲህ ከባድ ነው?»

መልስ፦ እመቤቴ፣ ለአራት ዓመታቱ ድካም መልስ የሚሆን ቃል የለኝም። ለጥያቄዎ ግን አለኝ፦ ከክብደቱ የሚበዛው ክፍል ሰው የጫነበት ነው።

ይህን ዓምድ ከመያዜ በፊት በጥብቅና እሠራ በነበረበት ጊዜ፣ አንድ አዛውንት በፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ አስቆሙኝና ከኪሳቸው አራት ቦታ የታጠፈ የውሳኔ ግልባጭ አወጡ። የወረቀቱ እጥፋቶች ከመታጠፋቸው ብዛት የተነሳ ሊበጠሱ ደርሰው ነበር። «ልጄ፣ ይህን አንብብልኝና ረትቼ እንደሆነ ወይም ተረትቼ እንደሆነ ንገረኝ» አሉኝ። የውሳኔው ቃል «ይግባኝ ባዩ ያቀረቡት መከራከሪያ ተቀባይነት የሚያጣበት ሕጋዊ ምክንያት ያልተገኘ በመሆኑ» የሚል ነበር። ሕግ አጥንቼ፣ ፈቃድ ይዤ፣ እርግጠኛ ለመሆን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ረትተዋል። አዛውንቱ ግን «የሚያጣበት» እና «ያልተገኘ» የሚሉትን ቃላት አይተው ወይም ያነበበላቸው ሰው ተሳስቶ፣ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ እንደተረቱ አምነው ቆይተዋል፤ ያን ዕለት ፍርድ ቤት የመጡትም ዕዳውን በየወሩ ከፋፍለው ለመክፈል ሊለምኑ ነበር። «ክርክርዎ ተቀባይነት አግኝቷል» ብሎ መጻፍ ዳኛውን ምን ያስከፍለው ነበር? ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ማውጣት አልቻልኩም።

የቋንቋው ነገር የቆየ ቁስል ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1362 ባለጉዳዮች በፍርድ ቤት የሚነገረውን ፈረንሳይኛ ስለማያውቁ ክርክሩ በእንግሊዝኛ ይሁን የሚል ሕግ ወጣ። ይኸው ሕግ ግን መዝገቡ በላቲን እንዲያዝ አደረገ፤ ላቲኑ በሕግ የተነሳው ገና እ.ኤ.አ. በ1733 ነው። ሰው በራሱ ቋንቋ ተከራክሮ፣ የተወሰነበትን በራሱ ቋንቋ ለማንበብ 371 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። ዛሬ በብዙ አገር ያለው ላቲን የራሱ የአገሬው ቋንቋ ሆኖ ለአገሬው የማይገባ አጻጻፍ ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ፣ የመንግሥት አካላት የሚጠቀሙበት ቋንቋ የተስተካከለ፣ ቀላልና ለመረዳት የሚቻል መሆን እንዳለበት ደንግጋለች።

ቋንቋ ቢቀልም ብቻውን አይበቃም፤ ሥነ ሥርዓቱም መቅለል አለበት። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ የጀመረ በኢንተርኔት የሚዳኝ ጉባኤ አለ። የጋራ መኖሪያ ቤት አለመግባባቶችንና እስከ 5,000 የካናዳ ዶላር የሚደርሱ አነስተኛ የገንዘብ ክርክሮችን ያያል። ባለጉዳዩ አቤቱታ ከማስገባቱ በፊት ቀላል ጥያቄዎች እየቀረቡለት መብቱ ምን እንደሆነ ይነገረዋል፣ ለተከራካሪው የሚልከው ደብዳቤም ይዘጋጅለታል፤ ከዚያ ለመስማማት ይሞከራል፣ ካልሆነ ይፈረዳል። ሰዎቹ በተለምዶ የሚከራከሩት ያለ ጠበቃ ነው። ኢንተርኔት ለማይደርሰው ወይም ማንበብ ለማይችል ሰው ግን ይህ ሌላ የተዘጋ በር እንዳይሆን፣ በስልክና በአካል የሚረዳ ሰው ጎን ለጎን መኖር አለበት።

ጠበቃ የግድ የሚያስፈልግባቸው ጉዳዮችም አሉ። በአሜሪካ ክላረንስ ጊዲየን የተባለ ድሃ ሰው ሰብሮ በመግባት ተከስሶ ጠበቃ ይሰጠኝ ቢል ተከለከለ፤ ራሱ ተከራክሮ ተፈረደበት። ከእስር ቤት ሆኖ በእርሳስ የጻፈውን አቤቱታ ለአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ላከ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1963 በከባድ ወንጀል የተከሰሰና አቅም የሌለው ሰው ሁሉ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ ሊያገኝ ይገባል ብሎ ወሰነ። ጉዳዩ እንደገና ሲታይ ጊዲየን ጠበቃ ይዞ ቀረበ፤ ነጻም ወጣ። እርስዎን የመሰሉ የውርስና የቤተሰብ ባለጉዳዮች ግን በወንጀል አልተከሰሱምና በብዙ አገሮች ይህ ጥበቃ አይደርሳቸውም። ነጻ የሕግ ድጋፍ ለፍትሐ ብሔር ጉዳዮችም መስፋፋት አለበት የምለው ለዚህ ነው፤ የወላጅን ቤት ማጣት ለአንዳንድ ሰው ከእስር ያላነሰ ፍርድ ነው።

ጥያቄ፦ «ለረጅም ዘመን በዳኝነት አገልግዬ በጡረታ ላይ እገኛለሁ። ሕግ የኅብረተሰቡን ፍላጎት ይከተል የሚለው ነገር ያሰጋኛል። ኅብረተሰብ ይሳሳታል፤ ይቆጣል፤ ደካማውን ይረግጣል። ሕግ የብዙኃኑን ስሜት ተከትሎ የሚሄድ ከሆነ ለጥቂቱ ማን ይቁምለት?»

መልስ፦ ክቡር ዳኛ፣ ስጋትዎን በሙሉ እጋራለሁ፤ ቃላቱንም መለየት ያስፈልጋል። የኅብረተሰብ ፍላጎት ስል በአንድ ሰሞን ጎልቶ የሚሰማውን ድምፅ ማለቴ አይደለም፤ በሕጉ ጥላ ሥር የሚኖሩት ሰዎች ሁሉ፣ ድምፅ የሌላቸውም ጭምር፣ የሚያስፈልጋቸውን ማለቴ ነው። ሰው ተበድሎ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲጮህ የሚጠራው ከበረታበት ሰው የሚበልጥ ኃይል ነው። ሕጉ ለበረታው ብቻ የሚታዘዝ ከሆነ ጩኸቱ ባዶ ይሆናል።

የሚሉት አደጋ እውነተኛ ለመሆኑ ስዊዘርላንድ ጥሩ ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. በ1959 ለሴቶች በፌዴራል ደረጃ የመምረጥ መብት ይሰጥ ወይስ አይሰጥ ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ድምፅ የሰጡት ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ ከሦስት ሁለቱ እንቢ አሉ። የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። አፔንሰል ኢነርሮደን በተባለችው ትንሿ ካንቶን (ክፍለ ግዛት) ውስጥ ወንዶች በአደባባይ ተሰብስበው እጅ በማውጣት ይወስኑ ነበርና፣ በካንቶኑ ምርጫ ሴቶች እንዳይሳተፉ እ.ኤ.አ. በ1990 የጸደይ ወቅት እንደገና ወሰኑ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የካንቶኑን ክልከላ ሻረው። አደባባዩ ሙሉ ነበር፣ እጅ የማውጣቱም ሥርዓት ዘመናት ያስቆጠረ ነበር፤ ግማሹ ኅብረተሰብ ግን ከአደባባዩ ውጭ ቆሞ ነበር። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ ኅብረተሰቡን ተቃወመ ሳይሆን ያልተሰማውን ግማሽ ሰማ ማለቱ ለእኔ ይቀለኛል።

ለሕግ ሥርዓቱ ምላሽ ሰጪነት የዳኝነት ነጻነት እንቅፋት ነው ብለው የሚያስቡ አሉ። እኔ የማየው በተቃራኒው ነው። ዳኛው ለሹመቱና ለደመወዙ የሚሰጋ ከሆነ የሚሰማው ሊያነሳው የሚችለውን ሰው ነው፤ ደሃ ባለጉዳይ ደግሞ ማንንም ከወንበር አያነሳም። አስፈጻሚውን በሚመለከትም እ.ኤ.አ. በ1809 ስዊድን ያቋቋመችውና ዛሬ በብዙ አገሮች በእንባ ጠባቂ ስም የሚታወቀው ተቋም ውጤታማ የሚሆነው ከሚመረምራቸው ባለሥልጣናት ራሱን ሲችል ብቻ ነው።

የልማድ ሕግን በተመለከተ ስጋትዎ በይበልጥ ይጠነክር ይሆናል። እኔም ሽምግልና ሁሉ መልካም ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ ሴት እንድትታረቅ እንጂ እንድትካስ የማይጠየቅባቸው ብዙ የእርቅ ጉባኤዎችን አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የኬንያ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቶች ባህላዊ የግጭት መፍቻ ዘዴዎችን እንዲያበረታቱ አዝዞ፣ የመብቶችን ድንጋጌ በሚጥስ መንገድ ግን እንዳይሠራባቸው አጥር አበጅቷል። አጥሩ ልማዱን አይገድልም፤ ልማድ ራሱ ሲለወጥ የሚያውቅ ሕያው ነገር ነውና።

ይህን በተግባር ያሳየን በደቡብ አፍሪካ የሚኖረው የቫሎዪ ማኅበረሰብ ነው። የማኅበረሰቡ አለቃ እ.ኤ.አ. በ1968 ወንድ ልጅ ሳይተካ ሲሞት፣ የበኩር ልጁ ሴት በመሆኗ አለቅነቱ ለአጎቷ ተሰጠ። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ግን የአለቃው ቤተሰብና የማኅበረሰቡ ጉባኤዎች ራሳቸው ተሰብስበው፣ አዲሱ ሕገ መንግሥት ሴትና ወንድን እኩል ማድረጉን በመጥቀስ፣ አለቅነቱ ወደ እሷ እንዲመለስ ወሰኑ። የአጎቷ ልጅ «ልማዱ ይህን አይፈቅድም» ብሎ ከሰሰ፤ ሁለት ፍርድ ቤቶችም የቀድሞውን ልማድ አይተው ፈረዱለት። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ውሳኔያቸውን ሻረ። አንድ ማኅበረሰብ የራሱን ልማድ የማሳደግ ሥልጣን አለው፣ ፍርድ ቤትም ልማዱ ትናንት ምን እንደነበረ ብቻ ሳይሆን ሰዎቹ ዛሬ ምን እያደረጉት እንዳሉ መጠየቅ አለበት አለ። ሴትዮዋም የአባቷን ወንበር ያዘች።